ከከተማ ርቆ ለሚያድር መኪና፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሚዛን

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ከሚታዩት በአራቱም ጎማ የሚገፉ መኪኖች፣ በተለምዶ «ፎር ዊል» ከምንላቸው፣ ብዙዎቹ የተሠሩለትን መንገድ ሳያዩ ያረጃሉ። ባለቤቱ አንድ ቀን ድንኳን ጭኖ ወደ ባሌ ወይም ወደ ዳናክል ልሂድ ብሎ ሲነሣ ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ «ምን ልግጠምበት?» የሚለው ነው። የጣሪያ ድንኳን፣ የብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ ተጨማሪ መብራት፣ ማቀዝቀዣ... ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ።

ነገሩ መጀመር ያለበት ግን ከሌላ ቦታ ነው። መኪናው ስንት ኪሎ መሸከም ይችላል? ጎማው በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? የያዘው ውኃ ስንት ቀን ያቆያል? ቢዘፈቅስ በምን ይወጣል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ የሚገጠም ዕቃ ጌጥ ከመሆን አልፎ ራሱ የአደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በከተማ ውስጥ የፈነዳ ጎማ ቢበዛ የአንድ ሰዓት መዘግየት ነው። ከሐመድ ኤላ ወዲያ በረሃው ውስጥ ሁለተኛው ጎማ ሲፈነዳ ግን ጉዳዩ የውኃና የሕይወት ይሆናል።

በዚህ ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና አበላሽቶ ሌላ መተካት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ያለዎትን መኪና ሳይጎዱ፣ አብረው የሚጓዙትንም ሳያሰጉ፣ ደርሶ ለመመለስ በሚያስችለው ላይ ያተኩራል።

መዳረሻው መኪናውን ይወስናል

አገራችን ለአንድ መኪና የምታቀርበው ፈተና አንድ ዓይነት አይደለም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሰነቴን አምባ ሲያቋርጥ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይደርሳል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱሉ ዲምቱን ጫፍ ይወጣል። በአንጻሩ የዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደው ልኬት አማካይ ዓመታዊ ሙቀቱ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። በደቡብ ኦሞ፣ ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ በሚወርደው አቅጣጫ፣ ፈተናው ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ እንደ ሊጥ የሚጣበቀው ጥቁር አፈርና ድንገት የሚሞላው ወንዝ ነው።

የእያንዳንዱ ቦታ ፍላጎት ይለያያል። ሰነቴ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ጥግግት ስላለው ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የተጫነ እያንዳንዱ ኪሎም ዳገቱ ላይ ይታወቃል። በዳናክል ዋናው ጉዳይ ራዲያተር፣ ጎማና ውኃ ነው። በኦሞ ደግሞ የሚያስፈልገው ጭቃ የሚይዝ ጎማና ወንዙ እስኪጎድል አንድ ቀን ለመጠበቅ የሚያስችል ስንቅ ነው። ስለዚህ «ለሁሉም ቦታ የሚሆን» መኪና ከማሰናዳት ይልቅ በመጪው ዓመት በርግጥ የሚሄዱባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ጽፎ ከዚያ መነሣት ገንዘብም ክብደትም ይቆጥባል።

ከመኪኖቹ መካከል ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 ያስጀመረው ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር በመስክ ሥራ ላይ ስሙ የገነነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ቱርቦም ሆነ ውስብስብ ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ የናፍጣ ፓምፑም ሜካኒካል በመሆኑ በገጠር ከተማ ያለ መካኒክ ሊነካው ይችላል። ዘመናዊዎቹ የናፍጣ ሞተሮች የበለጠ ጉልበትና ምቾት ቢኖራቸውም ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበትን ናፍጣ አይታገሡም። የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ ሳይዝ ከከተማ መውጣት የለበትም።

ክብደት፦ ሁሉም የሚከፈልበት ሒሳብ

እያንዳንዱ መኪና አምራቹ የወሰነለት ከፍተኛ አጠቃላይ ክብደት አለው። ከዚህ ላይ የባዶ መኪናው ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው ለሰው፣ ለነዳጅ መጠባበቂያና ለዕቃ የሚሆን ነው፤ ይህም በብዙዎቹ ፎር ዊል መኪኖች ከ600 እስከ 1,000 ኪሎ ግራም ባለው ውስጥ ይወድቃል። ቁጥሩ በመመሪያው መጽሐፍ ወይም በበሩ አምድ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል።

ለምሳሌ 650 ኪሎ መሸከም የሚችል መኪና ይዘን አራት ጎልማሶች በረሃ እንሄዳለን እንበል። ሰዎቹ 300 ኪሎ፤ ለሁለት ቀን ጉዞና ለአንድ ቀን መጠባበቂያ በነፍስ ወከፍ 8 ሊትር ውኃ በቀን ሲታሰብ 96 ኪሎ፤ በሁለት ጀሪካን የተያዘ 40 ሊትር ናፍጣ ከነብረቱ 42 ኪሎ፤ ፖርቶመጋላ 40 ኪሎ፤ ሁለተኛ ስኮርታ ጎማ 35 ኪሎ፤ ማቀዝቀዣ ከነምግቡ 35 ኪሎ፤ ክሪክ፣ አካፋና መፍቻዎች 30 ኪሎ፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ተራ ድንኳንና የማብሰያ ዕቃ 60 ኪሎ። ድምሩ 638 ኪሎ ይሆናል። ገና አንድም «ጌጥ» ሳይገጠም የቀረው 12 ኪሎ ብቻ ነው።

አሁን በዚህ ላይ 60 ኪሎ የጣሪያ ድንኳን፣ 60 ኪሎ የብረት ፓራውልት፣ 40 ኪሎ ዊንችና 25 ኪሎ ሁለተኛ ባትሪ ይጨመር። ድምሩ 823 ኪሎ ይደርሳል፤ ከተፈቀደው በ173 ኪሎ አለፈ ማለት ነው። ትርፉን የሚከፍሉት ፍሬኑ፣ ባሌስትራው፣ ኩሽኔታውና ጎማው ናቸው። ጠንካራ ባሌስትራ ማስገባት መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሰምጥ ያደርጋል እንጂ ፍሬኑንና አክስሉን አያጠነክርም፤ አምራቹ የወሰነውንም ክብደት አይለውጥም።

የጭነቱ ቦታም እንደ መጠኑ ሁሉ ወሳኝ ነው። በበርካታ መኪኖች ጣሪያ ላይ በጉዞ ወቅት የሚፈቀደው ጭነት ፖርቶመጋላውን ጨምሮ ከ100 ኪሎ አይበልጥም። ውኃ፣ ባትሪና የመፍቻ ሳጥን ወለል ላይ፣ ከኋለኛው ወንበር ጀርባ ተጠግተው ይቀመጡ፤ ፍራሽና ድንኳን ወደ ላይ ይውጡ። ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ በቀበቶ መታሰር አለበት። መኪና በተገለበጠ ጊዜ ያልታሰረ ጀሪካን ወይም ክሪክ ተሳፋሪውን ይመታል።

ጎማ፦ የመጀመሪያው ብር የሚወጣበት

ገንዘብዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለጎማ ያውሉት። ለአስፋልት ብቻ የተሠራ ጎማ ጎኑ ስስ በመሆኑ የኤርታሌን ዓይነት ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አይችልም። ለጭቃ ብቻ የተሠራው ደግሞ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፤ በዝናብም ፍሬን ላይ ደካማ ነው። ለብዙው ተጓዥ የሚስማማው መካከለኛው፣ ለሁሉም መንገድ የተሠራውና «ኤቲ» የሚል ምልክት ያለው ነው። ሲገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ። ለምሳሌ 2322 የሚለው ጎማው እ.ኤ.አ. በ2022 በ23ኛው ሳምንት መመረቱን ይገልጻል። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዕድሜው የገፋ ጎማ በሙቀትና በጭነት ሊሰነጠቅ ይችላል።

የነፋሱን መጠን ማስተካከል ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ የበለጠ ጥቅም ያስገኛል። የተጫነ መኪና በአስፋልት ላይ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ ቢፈልግ፣ በኮረኮንች ላይ ወደ 28 ዝቅ ማለት ጎማውንም ተሳፋሪውንም ያሳርፋል። በለስላሳ አሸዋ ላይ ወደ 18 ወይም 16 ሲወርድ ጎማው ተዘርግቶ ሰፊ ስፍራ ስለሚይዝ መኪናው ሳይሰምጥ ይንሳፈፋል። ነፋሱ የወረደ ጎማ ግን በፍጥነት መነዳት የለበትም፤ ወደ ደረቁ መንገድ እንደተመለሱ መሞላት ይኖርበታል። ለዚህም ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰርና አስተማማኝ የነፋስ መለኪያ ያስፈልጋል። ኮምፕሬሰሩ ከባትሪው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ይሁን፤ የሲጋራ ማቀጣጠያው ፊውዝ ትልቁን አይችለውም።

ከከፍታ ጋር የተያያዘ አንድ ነገርም አለ። በአዲስ አበባ የተሞላ ጎማ ወደ ዳሎል ሲወርድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 4 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ሊያሳይ ይችላል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በደረሱበት ቦታ ነው። ሰው ከመሄዱ በፊት ጎሚስታ ቤት ያስለካውን ይዞ ሦስት ቀን መንዳት የለበትም።

ለዳናክል ሁለት ስኮርታ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ የጎማ መጠገኛ ኪት፣ መኪናዎ ካላማዳሪያ የሚጠቀም ከሆነም ትርፍ ካላማዳሪያ ይያዙ። ክሪኩ በአሸዋ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላም አይርሱ። የስኮርታው ብሎኖች በእጅዎ ባለው መፍቻ መፈታታቸውን ግቢዎ ውስጥ ይሞክሩ።

ከተዘፈቁ

ዊንች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ይመስላል። ዊንች ግን የሚስበው የሚታሰርበት ዛፍ ወይም ድንጋይ ሲኖር ነው፤ በአሸዋና በጨው ሜዳ ላይ ያ የለም። ርካሹና ቀላሉ መሣሪያ አካፋ፣ ከጎማው ሥር የሚገባ ሁለት የአሸዋ ሰሌዳና ነፋስ ማውረድ ነው። መኪናው መስመጥ ሲጀምር ቤንዚን እየሰጡ ማስጮኽ ጉድጓዱን ከማጥለቅ ሌላ ፋይዳ የለውም። ወዲያው አቁሞ ወርዶ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ መጥረግ፣ ነፋሱን ማውረድ፣ ሰሌዳውን አስገብቶ በዝቅተኛው ማርሽ በዝግታ መውጣት ይቻላል።

ሁለት መኪኖች አብረው ሲጓዙ የሚለጠጥ የመሳቢያ ቀበቶ ጥሩ ነው። እዚህ ላይ ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት ስላለ ልብ ይበሉ። ቀበቶው መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር በተያያዘና ለዚሁ በተሠራ ጋንቾ ላይ ብቻ ነው። ተጎታች በሚታሰርበት ክብ ኳስ ላይ ከታሰረ ኳሱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። ተራ የብረት ካቦም በኃይል ተነጥሮ ሲበጠስ ይገርፋል። በመሳብ ላይ እያሉ ከሾፌሮቹ በስተቀር ማንም ሰው በአቅራቢያው አይቁም፤ ልጆች በተለይ።

ውኃ ለማቋረጥ መጀመሪያ በእግር ይግቡና ጥልቀቱንና ወለሉን ይለኩ፤ በእግር ለመሻገር የሚያስፈራ ወንዝ በመኪናም አይሻገሩት። ወደ ላይ የሚወጣው የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ ማለትም ስኖርክል፣ ሞተሩ ውኃ እንዳይስብ ይረዳል እንጂ መኪናውን ጀልባ አያደርገውም። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ደጋግሞ በመንካት ማድረቅ ይገባል።

ውኃና ነዳጅ

በደጋ በቀን ለአንድ ሰው ከ4 እስከ 5 ሊትር፣ በበረሃ ደግሞ ከ8 ሊትር ያላነሰ ለመጠጥና ለማብሰያ ያስፈልጋል። ውኃው በአንድ ትልቅ በርሜል ሳይሆን በበርካታ ጀሪካኖች ይከፈል፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይተርፋል። የናፍጣውና የውኃው ጀሪካኖች በቀለም የተለዩ ይሁኑ። ለራዲያተር የሚሆነው ውኃ ከመጠጡ ውጭ ነው።

ነዳጅ ሲሰላ በከተማ የለመዱትን ፍጆታ አይውሰዱ። በአስፋልት በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚበላ መኪና በለስላሳ አሸዋና በዝቅተኛ ማርሽ 22 ሊትር ሊበላ ይችላል። ከመጨረሻው ማደያ ደርሶ ለመመለስ 250 ኪሎ ሜትር ቢኖር 55 ሊትር ነው፤ አንድ ሦስተኛ መጠባበቂያ ሲጨመር 73 ሊትር ገደማ ይደርሳል። ማደያዎች በጀሪካን ለመቅዳት ፈቃድ ሊጠይቁ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማጣራት ያሻል። ነዳጅ የያዘ ጀሪካንና የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ መጫን የለባቸውም።

ኤሌክትሪክ

ከማቀዝቀዣ በቀር በድንኳን ሕይወት ብዙ ኃይል የሚበላ ነገር የለም። አንድ አነስተኛ የመኪና ማቀዝቀዣ በደጋ በቀን 40 አምፒር ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በበረሃ ከ60 በላይ ሊሄድ ይችላል። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ተራ ባትሪ ሳይጎዳ ሊሰጥ የሚችለው ግማሹን ነው። ስለዚህ ከአንድ ሌሊት በላይ ለሚቆም ሰው ከሞተሩ ባትሪ በማለያያ የተነጠለ ሁለተኛ ባትሪ ወይም የፀሐይ ፓኔል ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ክብደት ለመቀነስ ለሚሻ ግን በረዶ የተሞላ ጥሩ የማቀዝቀዣ ሣጥን፣ ከቆሎ፣ ከዳቦ ቆሎ፣ ከድርቆሽና ከቋንጣ ጋር፣ ለሦስት ቀን ይበቃል። አባቶቻችን ለረጅም መንገድ የመረጡት ስንቅ ማቀዝቀዣ አይፈልግም።

ማደሪያ

የጣሪያ ድንኳን ምቹ ነው፤ ቶሎ ይዘረጋል፤ ከመሬት ያርቃል። ነገር ግን ጣሪያው ላይ 60 ኪሎ ይጭናል፤ በዘረጉ ቁጥርም መኪናውን ከቦታው ማንቀሳቀስ አይችሉም። በደረቅ ወራት የሰነቴ ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ገንዘቡን ጥሩ የመኝታ ከረጢትና ከሥር በሚነጠፍ ወፍራም ፍራሽ ላይ ማዋል ይመረጣል፤ ብርዱ የሚመጣው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ነው።

ብርዱን በከሰል ለመከላከል ፈጽሞ አይሞክሩ። በተዘጋ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ የገባ ምድጃ፣ እንዲሁም ሞተሩ እየሠራ የተተኛበት መኪና፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለድንኳን የተዘጋጀ ቢመስልም አይተኙበት። ዝናቡ ርቆ ተራራ ላይ ዘንቦ እርስዎ ጋ ጠብታ ሳይወድቅ ጎርፉ በሌሊት ሊደርስ ይችላል። በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው አዞ መኖሩን አይርሳ። ጅብ በሚዞርበት ስፍራ ምግብ በድንኳን ሳይሆን በተቆለፈ መኪና ውስጥ ይደር። በፓርኮች ውስጥ አስታውንና ሌላውን ዛፍ ለማገዶ መቁረጥ ስለማይገባ ቡታ ጋዝ ይያዙ፤ ቆሻሻዎንም ይዘው ይመለሱ።

ፈቃድ፣ አጃቢና መልእክት

በሰሜንና በባሌ ተራሮች ፓርኮች ለማደር ከመግቢያው ጽሕፈት ቤት ክፍያ ፈጽሞ ስካውት መያዝ የተለመደ አሠራር ነው። ወደ ዳናክል የሚሄድ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድና መንገድ መሪ ያስፈልገዋል። ይህ ወግ ብቻ አይደለም። በጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታሌ አጠገብ በጎብኚዎች ላይ በተፈጸመ ጥቃት አምስት የውጭ አገር ሰዎች ተገድለዋል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታሌ በስተደቡብ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ከአገር አልፎ ሄዷል። የጸጥታውም ሆነ የመሬቱ ሁኔታ በአጭር ጊዜ ስለሚለወጥ በጉዞው ሳምንት ከአካባቢው ሰዎች መጠየቅ ግድ ነው። የጨው ሜዳውን ቅርፊት የትኛው ጎማ እንደሚሸከመው የሚያውቀውም ካርታ ሳይሆን የአካባቢው ሰው ነው።

ሩቅ ስፍራ በአንድ መኪና ብቻ አይሂዱ። የስልክ ኔትወርክ ስለማይኖር ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ቤት ለሚቀር አንድ ሰው የሚሄዱበትን መንገድ፣ የመኪናውን ሰሌዳና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልኩ» የሚለውን ቁርጥ ሰዓት በጽሑፍ ይተዉ። መኪናው ከቆመ ደግሞ ከመኪናው አይራቁ፤ በሜዳ ላይ ከሚንከራተት ሰው ይልቅ የቆመ መኪና ቶሎ ይታያል፤ ጥላም ይሆናል።

ከመውጣትዎ በፊት

መካኒክዎ የሚከተሉትን ይይልዎ፦ ቺንጋና የራዲያተር ጎማ ቱቦዎች፣ የፍሬን ሸራና ዘይት፣ ኩሽኔታ፣ የባሌስትራ ቅጠሎች፣ የዲፍረንሻል ዘይት፣ የባትሪ ማሰሪያ። ከአሮጌው የወጣውን ግን ገና የሚሠራውን ቺንጋ አይጣሉት፤ ትርፍ ሆኖ ይጓዝ። ከፊልትሮ፣ ከፊውዝ፣ ከሞተር ዘይት፣ ከሽቦ፣ ከፕላስተርና ከመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጥ። የመኪናውን አካል የሚለውጥ ብየዳ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል ከመሥራትዎ በፊት ያጣሩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሁሉንም ዕቃ ጭነው፣ ታንከሩን ሞልተው፣ ተጓዦቹንም ይዘው የጭነት መኪና ወደሚመዘንበት ሚዛን ይሂዱ። የሚወጣው ቁጥር ከተፈቀደው በላይ ከሆነ የሚወርደውን እዚያው ይወስኑ። ከሚዛኑ በኋላ ወደ ሱባ ደን ወይም ወደ ላንጋኖ ሄደው አንድ ሌሊት ይደሩ። በዚያች ሌሊት ያልተነካው ዕቃ ለቀጣዩ ጉዞ ቤት ይቅር፤ ከመጀመሪያ ርዳታው፣ ከስኮርታውና ከመሳቢያው በስተቀር። የጎደለው ደግሞ ይጻፍ። ወደ ዳናክልም ሆነ ወደ ሰነቴ ይዘውት የሚሄዱት ዝርዝር ይኸው ነው።